ተካፍለን የዋጥነው ክኒን

ፓቻያማልን የማያውቅ የሩዝ ማሳችንን አያውቅም። ችግኝ ስንተክል ከመስመሩ ራስ ቆማ ዘፈን የምታወጣው እሷ ናት፤ አሥራ አንዳችን ጎንበስ እንዳልን እንቀበላለን። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ወገቧ ነው።

አንድ ክረምት ሆዷ እምቢ አለ። የበላችው ሳይጠቅማት ይወጣል፣ ምላሷ ቀልቶ ተላጠ፣ አጥንቷ ብቻ ቀረ። ቬሎር ከተማ ሄዳ ታየች። ሐኪሟ አንጀትሽ ምግቡን ወደ ሰውነትሽ አላስገባ ብሎ ነው አለቻትና የስድስት ወር ክኒን ሰጠቻት። ቢሻልሽም እንዳታቋርጪ ብላ አስጠነቀቀቻት።

በሁለት ሳምንት ምላሷ ዳነ። ታዲያ የእኛ መስመር ልማድ አለው፤ አሬራም ይሁን ማንጎ፣ ማሳ የመጣ ነገር ሁሉ ይከፈላል። ለብቻዋ የጎረሰች ሴት አጠገብ ቆሞ የሚተክል የለም። ሁላችንም ደግሞ ምላሳችን ተልጦ፣ ሆዳችን እየተንቦጫረቀ ነበር። ፓቻያማል "እኔማ ድኛለሁ" ብላ ጠርሙሱን አዞረችው። እኔ ጎረቤቷ ኩፓማል፣ ሆዳም ነኝና፣ እፍኝ ሙሉ ዘገንኩ። ጠርሙሱ ባዶውን ተመለሰላት።

ማናችንም አልዳንም። እሷ ግን በወሩ ጭቃው ላይ ተደፋች። ባለ ማሳው ሌላ መሪ ፈልጉ አለን። በደም ሥሬ ንዴት ገባ፤ ግን በማን ልናደድ?

ተሸክመን ወሰድናት። ሐኪሟ ክኒኑ የት ገባ ብላ አፋጠጠቻት። ፓቻያማል ዝም። ብትሞትም አታሳጣንም። አላስቻለኝም።

"እኔ ነኝ የዋጥኩት፤ እኔና ጓደኞቼ" አልኩ።

ሐኪሟ አፌን አስከፍታ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ያንቺም ሕመም የእሷው ነው፤ ተካፍላችሁ የዋጣችሁት ክኒን ለማንም አይሆንም፣ እሷንም ገደላችኋት ማለት ነው፤ ሁላችሁም መጥታችሁ የየራሳችሁን ውሰዱ አለችኝ። ያኔ ፓቻያማል ከአልጋው ቀና አለች። "አመጣቸዋለሁ" አለች።

መቆም ስትችል በየቤቱ ዞረች። የተከላ ቀን ነው፣ የቀን ምንዳ ይቀርብናል ብለን አንገራገርን። እሷ ደጃፋችን ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች። ባለ ማሳውም ጮኸ፣ ለፈለፈ፤ አልሰማችውም። ሁላችንም የቬሎር አውቶቡስ ገባን፤ ለእያንዳንዳችን የራሳችን ጠርሙስ ተሰጠን። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሙሉ፣ ክኒናችንን ስንውጥ ሳታይ ዘፈን አላወጣችም።

የመጨረሻው ክኒን ያለቀ ዕለት ይቅርታ ጠየቅኋት።

"ለምኑ?" አለችኝ፣ ችግኟን እያሰረች። "ያን ቀን ዝም ብትዪ ኖሮ፣ ይኼኔ ሬሳዬን ነበር ተካፍላችሁ የምትሸከሙት።"