ሐይቁ ዳር የዘጋሁት ማለፊያ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ሐሜቱንና የሻርኩትን ጾም ዘርዝሬ እጨርስና እዚህ ላይ ስደርስ አቆማለሁ። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። ሌላ ነበረ። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ለእናንተ የደፈርኩት ለዚህ ይሆናል። ይኸው ልጻፈው።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መሀል ነው። ቶሮንቶ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። ከትንሽ ልጄ ጋር ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር እኖራለሁ፤ የስደተኝነት ኬዜ ገና አልተወሰነም። በየቀኑ ስትሪትካር የሚሉትን የከተማ ባቡር ይዤ ወደ ምሥራቅ እሄድና ሐይቁ ዳር የአንዲት አሮጊት ቤት እሠራለሁ። ሚስ ኤድና ይባላሉ፤ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር በመስኮት ሲመለከቱ ውሃው ብርሃን ብቻ ነበር የሚሆንባቸው።

ሐይቅ ስላችሁ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ማዶው አይታይም፤ ነፋስ ሲነሳ ያው ባሕር ነው። የሚስ ኤድና በረንዳ ካለቀ አሸዋው ይጀምራል። ብርዱ መግባት ሲጀምር ነፋሱ አሸዋውን እያነሳ ደረጃውን፣ ደጃፉን፣ የአበባ መደቡን ሁሉ ያለብሰዋል። ጠዋት እጠርገዋለሁ፣ ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል። ጥርሴ መሀል ሳይቀር ይንቀጫቀጭ ነበር።

መድኃኒቱ የአሸዋ አጥር ነው፦ በሽቦ የተያያዙ ቀጫጭን እንጨቶች፣ በረዶው ሳይመጣ አሸዋው ላይ የሚተከሉ። የሚተክለውን ሰው ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጋሽ መርዕድን ከቤተ ክርስቲያን ነው የማውቃቸው። እዚያ ዳርቻ የየቤቱን ግቢ እያጸዱና አጥር እየጠገኑ ነበር የሚኖሩት። እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ ስለማያልፍ በሄዱበት ሁሉ አፋቸው እኔ ነበርኩ።

ሕጉን ሊያስረዳን ከከተማው አስተዳደር አንድ ሰው መጣ። እሱ ይናገራል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። አጥሩ አንድ ወጥ ሆኖ አይሄድም፤ በአጫጭሩ ተቆርጦ ሰያፍ ይተከላል። በቁራጭና በቁራጭ መሀል ሰው የሚያልፍበት ክፍት ይተዋል። የሕዝብ መተላለፊያ አይነካም። በረዶው ሲቀልጥ ይነቀላል። ከዚያ ሰውየው ጣቱን ወደ ውሃው ቀስሮ "ከዚያ የሚመጣ ሰው መውጫ ማጣት የለበትም" አለ። ይህንንም የተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ። አልሰማሁም እንዳልል!

ጋሽ መርዕድ እንደተባሉት ተከሉት። ሲጨርሱ አየሁና ሳቄ መጣ።

"ጋሼ፣ ይሄ አጥር ነው ወይስ ጥርሱን የሚነቅል ልጅ?"

"ሳቂ አንቺ! ይሄ ሌባ የሚከለክል መሰለሽ? ሥራው ነፋሱን ማድከም ነው። ሲደክመው የተሸከመውን አሸዋ ያስቀምጣል።"

"በክፍቱ የሚገባውንስ ማን ይጠርገው?"

"አንቺ ነሻ! ዝም ብሎ ደሞዝ አለ እንዴ?"

እየሳቁ መሣሪያቸውን ሰብስበው ሄዱ። ክፍቱን ትተው ነው የሄዱት። ይህን ያዙልኝ።

አንድ ጠዋት አንድ ሰው በክፍቱ ገብቶ በረንዳው ሥር ቆሞ አገኘሁት። ውሻው አምልጦት ኖሮ ይቅርታ ጠይቆኝ ወጣ፤ በቃ ይኸው ነው። እኔ ግን ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። አገር ቤት ወንድሜን ሊወስዱት የመጡት ሰዎች የገቡት በአጥራችን ቀዳዳ ነበር። አባቴ "ነገ እደፍነዋለሁ፣ ነገ" እያለ ያቆየው ቀዳዳ። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ያለው አጥር ባየሁ ቁጥር አንድ ሰው እየገባበት ይመስለኛል።

ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ ነው እንዴ? እኔ እንጃ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ግማሹ ፍርሃት ነው፣ ግማሹ ደግሞ መጥረግ ሰልችቶኝ ነው።

ጋራዥ ውስጥ የተረፈ የአጥር ጥቅልል ነበር። ጎትቼ አወጣሁና ክፍቶቹን በሙሉ በሽቦ ጠፍሬ ዘጋኋቸው። እኔ ዘጋኋቸው። ሽቦውን በፒንሳ ስጠመዝዝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ታምናላችሁ? ለሚስ ኤድና "አሁን ማንም አይገባብንም" አልኳቸው። "ጎበዝ" አሉኝ፤ ምኑ እንደተዘጋ እሳቸው የት አይተው!

ጎረቤታችን ሚስተር ዋልተር የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ብርድ አይሉ ዝናብ አይሉ፣ ታንኳቸውን ካልቀዘፉ አይሆንላቸውም። አንድ ከሰዓት ነፋሱ ድንገት ተነስቶ ታንኳዋን ገለበጠባቸው። እንደምንም ዋኝተው በእኛ ደጅ በኩል ወጡ። ክፍቱን ያውቁታል፤ ወደዚያው ሄዱ። ዝግ ነው። ወደሚቀጥለው ሄዱ። እሱም ዝግ ነው። ማዕበሉ ከኋላቸው አጥሩ ሥር ድረስ እየመጣ ይመታል። ሊሻገሩት ሲሞክሩ እግራቸው በሽቦዬ ተያዘና ወደቁ፤ በዚያ አጥንት በሚሰብር ውሃ እየተመቱ ቀሩ። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው።

በኋላ ነው? እኔ ያን ሰዓት ልብስ እተኩስ ነበር። ጩኸት ሰማሁ። የውሃ ወፍ ነው አልኩ። እነዚያ ነጫጭ ወፎች እንደ ሰው ይጮኻሉ፣ እውነት ነው። ግን ወፍ መሆኑን ካመንኩ ሬዲዮኑን ለምን ከፍ አደረግኩት?

መንገደኛ ደረሰላቸውና ከሞት ተረፉ። እግራቸው ግን ተሰብሮ፣ ጣቶቻቸውን ውርጩ በልቷቸው፣ ዳግመኛ ታንኳ ላይ አልወጡም።

በማግስቱ ያው የከተማው ሰው ከፖሊስ ጋር መጣ። ጋሽ መርዕድም ተጠሩ። እኔ ኬዜ የሚሰማበት ቀን ደርሶ ነበር። ሰፈር ውስጥ "ፖሊስ ስምሽን ከያዘ አለቀልሽ፣ ልጅሽን ታቅፈሽ ወደ ቦሌ ነው" ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም፤ ፍርሃት መቼ ያጣራል?

ሰውየው አጥሩን እያሳየ ማን እንደዘጋው ጠየቀ። ለጋሽ መርዕድ ተረጎምኩላቸው። ሽቦውን አዩት፣ ደነገጡ።

"እኔ ክፍቱን ትቼ ነው የሄድኩት። ይሄ የኔ እጅ አይደለም። ንገሪልኝ ልጄ፣ አስረግጠሽ ንገሪልኝ!"

ወደ ሰውየው ዞርኩ። "ረስቼ ዘግቼዋለሁ፣ በጣም አዝናለሁ ይላሉ" አልኩት በእንግሊዝኛ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ፖሊሱ ጻፈ።

"ምን አሉ?" አሉኝ ጋሽ መርዕድ።

"ይጣራል አሉ፣ ጋሼ።"

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና "እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ" አሉኝ። አመሰገኑኝ! እኔም እጄን አልነጠቅኩም።

ጋሽ መርዕድን ፖሊስ አላሰራቸውም፤ በዚያ ዳርቻ ግን ከዚያ ወዲያ ሥራ የሰጣቸው የለም። ሚስ ኤድና "ያ ሰው ደጄ እንዳይደርስ" አሉ፣ ጎረቤቱም ተከተለ። እኔ የመኖሪያ ወረቀቴን አገኘሁ። ጋሽ መርዕድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ለሰው ሁሉ "ይህች ልጅ ባትከራከርልኝ ዛሬ እስር ቤት ነበርኩ" እያሉ ያስተዋውቁኛል። ሰዉ ይመርቀኛል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ልነግራቸው ቆርጬ ዌስተን የሚባለው ሰፈር፣ አፓርታማቸው ድረስ ሄድኩ። ባሱ ውስጥ ቃሉን ስለማመድ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች። ጋሽ መርዕድ ሻይ ቀዱልኝ። አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ።

"ልጄ፣ ምናልባት እኔው ዘግቼው ይሆን እንዴ? እጄን ስጠይቀው ትቼዋለሁ ይለኛል። ግን ሰዉ ሁሉ አንድ ነገር ሲል... አረጀሁ መሰለኝ፣ አይደል?"

ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ።

"ይሆናል ጋሼ" አልኳቸው፤ "ሰው ይረሳል።"

ብርጭቋቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። "እንግዲያው እኔ መዶሻ መያዝ የለብኝም" አሉ። አልያዙምም። ከዚያ በኋላ ጸሎት ላይ የሚስተር ዋልተርን ስም እያነሱ "ያጎደልኩትን ሰው አደራ" ይሉ ነበር። በእኔ ኃጢአት እሳቸው ሲያለቅሱ ከጎናቸው ቆሜ "አሜን" እል ነበር። በዚያው እምነት ሞቱ።

ያን ቀን አሸዋው ላይ ለዋሸሁት ሰበብ አላጣም፦ ፖሊስ ነበር እላለሁ፣ ልጄ ነበረች እላለሁ፣ ወንድሜ ነበር እላለሁ። ዌስተን ላይስ? ፖሊስ የለም። ወረቀቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ያለነው አንድ ሽማግሌና እኔ ብቻ። ማንን ነው የፈራሁት? በእሳቸው ዓይን መቅለልን ፈራሁ። ለዚያ ብዬ አንድን ሰው ከገዛ እጁ ጋር አጣልቼ ቀበርኩት።

ይቅር በሉኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ። የሚስተር ዋልተር ልጆች ዛሬም እዚያው ዳርቻ ይኖራሉ። አባታቸውን የጎዳ አንድ ግድየለሽ አበሻ ሽማግሌ እንደሆነ ነው የሚያውቁት። ይህን ጽሑፍ አያነቡትም፤ አማርኛ ነው። ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ለእኔ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አልመለስኩትም። ፈርቼ ነው።