ዳማው ፈረሴ ጡረታ ወጣ

ጡረታ የሚለው ቃል የቢሮ ሰዎች ቃል ይመስለኝ ነበር። ደመወዝና ማኅተም ያለው ሰው ነው ጡረታ የሚወጣው። እኔ ድሬ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ጋሪ ስነዳ አንድም ቀን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው የጋሪ ሥራ ቀዘቀዘ፤ ዳማው ፈረሴም አረጀ። ወደ መጋላ ገበያ ሽንኩርት ጭኖ ሲሄድ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በእኛ በጋሪ ነጂዎች ዘንድ ያረጀ ፈረስ ዕጣው የታወቀ ነው፤ ልጓሙን ፈትተው ደረቁ ወንዝ ውስጥ ይለቁታል፣ የቀረውን ጅብ ይጨርሳል። እኔም ከዚህ በፊት ሁለት ለቅቄአለሁ፣ አልዋሽም። ይሄኛውን ግን እጄ እምቢ አለ።

"አቦ፣ ልቀቀውና ተገላገል!" ይለኛል አብሮኝ የሚነዳው ጓደኛዬ።

ጎረቤቴ የባቡር ጡረተኛ ነው። ሽርጡን አገልድሞ በረንዳው ላይ ሲናፈስ አገኘሁትና ጭንቀቴን አጫወትኩት።

"እኔን ከሥራ ሲያሰናብቱኝ ወንዝ ውስጥ ጣሉኝ እንዴ?" አለኝ። "ጡረታ እኮ መጦር ነው። አባትህን አልጦርክም? ጉልበቱን የሰጠህን፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ማብላት ነው። ሌላ ምን አለው?"

"ለፈረስም ይባላል?"

"ካበላኸው ይባላል!"

ነገሩ ሆዴ ገባ። ከድሬ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር፣ ጀልዴሳ፣ አንድ ገበሬ ወዳጅ አለኝ፤ ያ ሁሉ ሽንኩርት የሱ ነበር። ዳማውን ባዶ ጀርባውን እየሳብኩ፣ ጥላ ባገኘን ቁጥር እያረፍን፣ በሁለተኛው ቀን ደረስን።

"የሚጦር ሽማግሌ ይዤልህ መጣሁ" አልኩት።

"ማነው? አንተ ነህ ወይስ ፈረሱ?"

"ፈረሱ።"

"ወላሂ፣ አንተን ብትለኝ አላስገባህም ነበር፣ ብዙ ትበላለህ። ስንት ዓመት ሽንኩርቴን የተሸከመልኝ እሱ ነው፤ እሱ ይግባ!" ብሎ ልጓሙን ከእጄ ተቀበለኝ። የማሽላ አገዳ በጓሮው ተከምሯል። እኔ ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ፣ ዳማው ዞር ብሎም አላየኝም፤ መብላት ጀምሯል።

ከሁለት ወር በኋላ ከጎረቤቴ ጋር በሚኒባስ ልንጠይቀው ሄድን። ከሩቅ አየሁት፤ ጎኑ ሞልቷል፣ ፀጉሩ ያበራል። ሁልጊዜ ጠዋት ለሥራ የምጠራበት ፉጨት ነበረችኝ፤ እሷን ሰምቶ ሳይመጣ የቀረበት ቀን የለም። ፉጨቴን ለቀቅኳት። ቀና አለ። አየኝ። ጭራውን አንዴ ወዘወዘና ተመልሶ አገዳው ውስጥ ተደፋ።

"ናቀህ!" አለ ጎረቤቴ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

"አልናቀኝም" አልኩት። "ጡረታ ወጥቷል።"