ያን ጎማ ያነሣሁት እኔ ነኝ

ይህን የምጽፈው አንድ የተጣመመ ወሬ ለማቃናት ነው። በደርግ ዘመን፣ አዲሱ ገበያ አጠገብ በነበረ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ፣ የከባድ መኪና ጎማ ከነቸርኬው ከመሬት አንሥቼ፣ ያለ ማንሻ ብረት፣ ያለ ረዳት፣ በሁለት እጄ ብቻ ቦታው ላይ ገጥሜያለሁ። ይህን ያየ ሰው ሞልቷል። ችግሩ፣ ያየው ሁሉ ጎማውን ያነሣው ሌላ ነው ብሎ ማውራቱ ነው።

እኔ ጎሚስታ ነበርኩ። ያውም እንደ እኔ ያለ ጎሚስታ ከእንጦጦ እስከ ፒያሳ አልነበረም። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የሌሎችን እጅ እያየሁ፣ የራሴን ጣት እያስጨፈለቅሁ ተማርኩት። ማንበብም ቢሆን እንዲሁ ነው። የአማርኛውን ፊደል ከሱቅ ማስታወቂያ፣ የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ከጎማ ጎን ላይ ለየሁ። ጎማ በመዳፌ ስዳስስ ምስማሩ የገባበትን ቦታ ውሃ ውስጥ ሳልነክረው አውቃለሁ። ጉራ የሚመስለው ሰው ካለ ያኔ መኪና የነበራቸውን ሰዎች ይጠይቅ።

አርባ ዓመት ሲጠጋኝ ግን ሆድ አወጣሁ። ጠዋት ፍርፍር፣ ምሳ እንጀራ በሽሮ፣ ማታ እንጀራ በምስር፣ በመሀል ዳቦ በሻይ፤ ሻዩም ስኳር ከተገኘ ጣፋጭ። ምሳ ከበላሁ በኋላ ዓይኔ እየተከደነ መኪና ሥር ገብቼ የማንቀላፋበት ቀን በዛ። ታዲያ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ወደ ቡሎኖቹ ሳስጠጋ ጉልበቴ ከዳኝና ጎማው አመለጠኝ። ግቢውን አቋርጦ ተንከባለለና የኃላፊውን ቢሮ በር ሄዶ መታ።

ኃላፊው በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ካኪ ልብስ የማይለየው፣ ሰውን ሁሉ ጓድ እያለ የሚጠራ ሰው ነበር። ብቅ አለና መጀመሪያ ጎማውን፣ ቀጥሎ ሆዴን አየ።

«ጓድ፣ ደክመሃል» አለኝ። «ከፋሲካ በኋላ ወጣት ጎሚስታ አመጣለሁ። አንተ በር ትጠብቃለህ።»

«በር?»

«በር። ወንበርም ይሰጥሃል።»

ያቺ ወንበር ናት ያንገበገበችኝ። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ከፋሲካ በኋላ ይህንኑ ጎማ ስጠኝ» አልኩት። «ብቻዬን፣ ያለ ብረት ካልገጠምኩት ራሴ ሄጄ ወንበርህ ላይ እቀመጣለሁ። ከገጠምኩት ግን ሥራዬን እንዳትነካብኝ።»

ሳቀ። «እሺ፣ ጓድ። ይኸው ሁሉም ሰምቷል።»

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እኔ ሳስብ በደንብ ነው የማስበው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ቀበሌው እህል ሳያከፋፍል ስለቆየ፣ ሥጋ ቤት ይሠራ ከነበረ ዘመዴ ጉበት፣ ጨጓራና አጥንት እያመጣሁ፣ ከጓሮ ጎመን ጋር፣ በጾም ቀን ደግሞ ጎመኑን ብቻ እየበላን ከርመን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ጤፍ ጠፋ ብሎ ሲያማርር እኔ አንድም ቀን አላንቀላፋሁም፤ ጎማውም እንደ ኳስ ይቀለኝ ነበር። ጉልበቴን የሚበላው ዕድሜ ሳይሆን ገበታዬ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቂጣ፣ ቆሎ፣ ድንች፣ ስኳር፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ተውኩ። ዛሬ ወጣቶች ጂም ገብተው ካርቦሃይድሬት ቀንሱ ሲባሉ እንደ አዲስ ነገር ይገርማቸዋል። እኔ ቃሉን ሳልሰማ ነገሩን ሠርቼበታለሁ።

ለባለቤቴ ስነግራት የምታጥፈውን ነጠላ ለቀቀችው።

«እንጀራ ተውኩ ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«ወጡን በምን ልትበላው ነው ታዲያ?»

«በማንኪያ።»

«ወጥ በማንኪያ! ምነው፣ ሐኪም ቤት ተኝተሃል እንዴ?»

ልምምዱንም ያወጣሁት ራሴ ነኝ። አሮጌ ካላማደሪያ፣ ያን የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ አሸዋ ሞልቼ ጫፍና ጫፉን አሰርኩና እንደ በግ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። ቤታችን ከቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ስለነበር፣ የሰዓት እላፊው ገደብ እንዳበቃ ከቤቴ ወጥቼ ዳገቱን በሩጫ እየተያያዝኩት፣ በባሕር ዛፉ መሀል ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። አናቱ ላይ ስደርስ አሸዋውን እንደተሸከምኩ ቁጢጥ ብዬ መነሣት፣ ከዚያ ትልልቅ ድንጋይ ከጉልበት እስከ ደረት ማንሣት፣ ከዚያ ቁልቁል ሩጫ። ጋራዥ ደግሞ ሌላው በምሳ ሰዓት ሲያንጎላጅ እኔ በሁለት ቸርኬ መሀል በደረቴ ተኝቼ መሬት እየገፋሁ እነሣለሁ፣ እወርዳለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ፤ አልዋሽም። ራሴን ፈለጠኝ። ዳገቱ መሀል አሸዋውን ጥዬ አንድ ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ እንጀራው ይመለስ ነበር። እኔ ግን ላቤን ቀመስኩት። ጨው ነው። የሚወጣብኝ ጨው ከሆነ የሚጎድለኝም ጨው ነው ብዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአጥንት መረቅ በደንብ ጨው ጨምሬ ጠጣሁ። በሳምንቱ ራስ ምታቱ ጠፋ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብና ጎመን፣ ረቡዕና ዓርብ ጎመን ብቻ እየበላሁ፣ ቀበቶዬን እያጠበቅሁ፣ ዳገቱን እየሰነጠቅሁት ወጣሁ።

በዚህ ላይ ሁዳዴ ገባ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ሽሬ አላውቅም፤ ለጎማ ብዬም አልሽርም። ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ መረቁ ሁሉ ቀረ። የጾመኛ ምግብ ደግሞ እንጀራ በሽሮ ነው፤ እሱን እኔ ትቻለሁ። ምን ቀረኝ? ጎመን ቀረኝ። ተልባ ቀረኝ፤ ሱፍና ለውዝ ቀሩኝ። ጎመኑን ዘይት ሲገኝ በዘይት፣ ሳይገኝ በውሃ፤ ተልባውን ቆልቶ ወቅጦ በጨውና በሚጥሚጣ መበጥበጥ። ይህን ከሰዓት በኋላ እበላለሁ፤ ንጋት ላይ አሸዋዬን ተሸክሜ እሮጣለሁ። ከሳሁ፣ ጉንጬ ገባ፤ ጡንቻዬ ግን እንደ ገመድ ተገመደ። መስታወት ፊት ስቆም ራሴን በጣም ወደድኩት።

ችግሩ የመጣው ከእንጦጦ እንጨት ለቃሚዎች ነው። እነዚህ እናቶች እኔ ስወጣ እነሱ ጭራሮ ተሸክመው ይወርዳሉ። በፊት ሲያዩኝ «ይሄ ጎሚስታ አበደ» ብለው ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን ግን በዕድሜ የምትበልጠው ሸክሟን አውርዳ መንገድ ለቀቀችልኝ።

«አባቴ፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ» አለች።

አባቴ! ከእናቴ በላይ የምትሆን ሴት! «እናቴ፣ እኔ ጎሚስታው ነኝ እኮ» አልኳት።

«ድንጋይ ተሸክመው በጾም ወደ ቁስቋም የሚወጡት ለስለት ነው አሉ።»

«ድንጋይ አይደለም፤ አሸዋ ነው።»

«ታዲያ አሸዋስ አይከብድም?»

«ስፖርት ነው እናቴ! ስፖርት!»

ወደ ጓደኞቿ ዞራ በሹክሹክታ፣ «ቅድስናውን ሲሰውር አያችሁ?» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ብናገርም ዝም ብልም አንድ ሆነ። ብክድ ትሕትናው ይባላል፤ ብቆጣ ተፈተነ ይባላል። እህል ትቶ ቅጠል የሚበላ፣ ሳይነጋ ሸክም ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው ባሕታዊ ካልሆነ ምን ይሆናል? ሰው ሲንበረከክልኝ ደስ ይለኝ የነበረ እንዳይመስላችሁ። ውዳሴ እወዳለሁ፤ ግን የምወደው የሠራሁትን ሲያወድሱልኝ ነው።

ባለቤቴ አንድ ማታ ፊቷን አጥቁራ ገባች።

«ጎረቤቶቻችን ዛሬ ሊያጽናኑኝ መጡ።»

«ምን ሆነሽ?»

«ባሌ ገዳም ሊገባ ስለሆነ! አንዷማ አለቀሰችልኝ። 'እህቴ፣ ልጅነትሽ ሳያልቅ' አለችኝ። አሁን ንገረኝ፤ ባል አለኝ ወይስ የለኝም?»

«አለሽ እንጂ።»

«እሺ፣ ከእጄ ከበላህ ስንት ጊዜህ ነው? ጎመንህን ራስህ ትቀቅላለህ፣ ተልባህን ራስህ ትበጠብጣለህ፣ በማንኪያ ጥግህን ይዘህ ትበላለህ። ከአንድ ገበታ የማይበላ ሰው ባል ነው?»

እሷም በማግስቱ የንስሐ አባታችንን ይዛ መጣች። ጠና ያሉ፣ ነገር በቀስታ የሚጠይቁ ቄስ ነበሩ።

«እንጀራ ትበላለህ?»

«አልበላም፣ አባታችን።»

«ዳቦስ?»

«አልበላም።»

«ሽሮ?»

«ሽሮም።»

«ልጄ፣ የታዘዝከው ከሥጋና ከወተት እንድትከለከል ነው። እህል ማን ከለከለህ? ይህ የባሕታውያን መንገድ ነው፤ ያለ መካሪ አይገባበትም።»

«ለጎማ ነው፣ አባታችን።»

«ለምን?»

«ለጎማ። የጭነት መኪና ጎማ ላነሣ ነው።»

ጡንቻዬን አዩ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ባልሽ አልመነኮሰም» አሏት። «የያዘው ትዕቢት ነው። እሱን ይዞ ደግሞ ገዳም አይገባም።» እኔ ትዕቢት ሳይሆን ሙያ ነው ባይ ነኝ፤ ቢሆንም ባለቤቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰምቼ መስቀላቸውን ተሳልሜ ሸኘኋቸው።

ወሬው ጋራዥ ሲደርስ ግን ሳቅ አልነበረም። ኃላፊው ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ።

«ጓድ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ባሕታዊ አለ ይባላል።»

«ውሸት ነው።»

«ሴቶች የጋራዡን በር እየተሳለሙ ሲያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ! የመንግሥት ጋራዥ! የበላይ አካል ቢሰማ የሃይማኖት ቅስቀሳ ነው ይላል። እኔ ምን እመልሳለሁ?»

«ስፖርት ነው በላቸው።»

«በጎማው ቀን እናያለን» አለ። «ካነሣኸው ስፖርተኛ ነህ። ካላነሣኸው የምትጠብቀው በርም የለም፤ ከነጸሎትህ ትሄዳለህ።»

እንግዲህ ሥራዬም፣ ስሜም በአንድ ጎማ ላይ ተንጠለጠሉ። ያን ሰሞን ልምምዱን ጨመርኩ እንጂ አልቀነስኩም። ሰሙነ ሕማማት ስግደቱን ሰግጄ፣ ማታ ማታ ቀለል ያለ ድንጋይ አነሣ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ዶሮው ቀረበ። እኔ አስቀድሜ አስቤበታለሁ፤ እግሩን ከነእንቁላሉ በማንኪያ እበላለሁ፣ እንጀራውን ለሌላው እተዋለሁ። ማንኪያዬን ሳነሣ ባለቤቴ ከገበታው ማዶ ተነሥታ መጣች። በእንጀራ የጠቀለለችው ጉርሻ መዳፏን ሞልቷል።

«ይህን ከመለስክ እውነትም መንኩሰሃል» አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አይቀልድም ነበር።

ጎማውን አሰብኩ፤ ሦስት ወር ያህል የደከምኩበትን አሰብኩ። ከዚያ ጣቶቿን አየኋቸው፤ ወጡ በመሀላቸው እየወረደ ነው። አፌን ከፈትኩ። ጉርሻው እንደ ጡብ ነበር፤ እንባዬ እስኪመጣ አኘክሁት። ከዚያ ወደ ማንኪያዬ ተመለስኩ። እሷም ቦታዋ ተመልሳ እየዘፈነች በላች።

ጎማው የተዘጋጀው ከበዓሉ በኋላ ሥራ በጀመርንበት ቀን ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቷል፤ ጎማው ሥሩ ተጋድሟል። ሠራተኛው ሁሉ ከቧል። ከአጥሩ ውጭ እንጨት ለቃሚዎቹ ከነሸክማቸው ቆመዋል፤ ባለቤቴም ከእነሱ መሀል ናት። ኃላፊው እጁን ኋላ አጣምሮ፣ «እንግዲህ፣ ጓድ» አለ።

ቁጢጥ ብዬ የቸርኬውን ጠርዝ ከሥር ያዝኩ። ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ በእግሬ ብቻ እየገፋሁ መጀመሪያ አቆምኩት፤ ከዚያ ጭኔ ላይ አስደገፍኩት፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ከመሬት ለቀቅሁት። ክብደቱ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ከባዱ ነገር፣ ጎማውን አየር ላይ ይዞ ቀዳዳዎቹን ከቡሎኖቹ ጋር ማገናኘት ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ይስታል። ከቦታዬ ወንበሯ ትታየኛለች፤ ኃላፊው ሆን ብሎ በሩ አጠገብ አስቀምጧታል። ጎማውን በጉልበቴ ትንሽ ዞር አደረግሁትና ገፋሁት። ጠቅ አለ። ገባ።

እልልታው ከአጥሩ ውጭ ተነሣ። «ቁስቋም ማርያም ክብር ይግባት!» አሉ እንጨት ለቃሚዎቹ። ኃላፊው እልልታውን ለማስቆም ጎማው አጠገብ መጥቶ፣ «ጓዶች፣ ይህ የተደራጀ ሠራተኛ ጉልበት ነው፤ አብዮቱ የሰጠን ጉልበት ነው!» እያለ ንግግር ጀመረ። እኔ ከጎኑ በላብ ተነክሬ ቆሜያለሁ፤ አንድም ሰው ወደ እኔ አላየም። ባለቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስገብታ፣ «ጉርሻዬ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሥራዬን ማንም አልነካብኝም፤ በዚያው ጋራዥ ጡረታ እስክወጣ ጎማ ሠራሁ። ወንበሯን ኃላፊው ራሱ ሲቀመጥባት ኖረ። እስከ ዛሬ ግን ሰፈራችን ውስጥ፣ ያን ጎማ ስለቱ ነው ያነሣለት የሚሉ አሉ። ለእመቤቴ ምስጋናዬን አልነፍጋትም፤ ጉልበት የሰጠች እሷ ትሁን። አብዮቱን ግን ዳገቱ ላይ አንድም ቀን አላየሁትም። ያን አሸዋ የተሸከመ ትከሻ የእኔ ነው፤ ያን ተልባ የጠጣ አፍ የእኔ ነው፤ ላቡን ቀምሶ ጨው መሆኑን የለየም እኔው ነኝ።

አንድ ጉርሻ ጎማ አያነሣም። ይህንንም ጮክ ብዬ እያነበብኩ ስጽፍ ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ ስትሰማ ቆይታ፣ «ጻፍ፣ ጻፍ» አለች። «ግን ጎማውን ስታነሣ ጉርሻዬ ሆድህ ውስጥ እንደነበረም ጻፍ።»

ነበረ። ይኸው ጽፌዋለሁ።