«መንገዴ ነው» ትል የነበረችው እናቴ

እናቴ ሰው አድርሺኝ ሲላት «መንገዴ ነው፣ ግባ» ትል ነበር። መንገዷ ግን አልነበረም። የምንኖረው ፌርፋክስ ነው፤ ታላቅ ወንድሟን፣ አጎቴን፣ ራቅ ብሎ ዌስትውድ ያለ የዓይን ሐኪም ጋ ታደርሳለች፣ የወንድሜን ልጅ ሌላ አቅጣጫ ካልቨር ሲቲ ከሚውልበት ዴይኬር ታመጣለች፣ መሀል ላይ ለአጎቴ ሚስት በርበሬ ልትገዛ ፓርኪንግ ፍለጋ ትዞራለች። ቤት ስትገባ ደግሞ ያልታጠበ የሁላችን ልብስ ይጠብቃታል።

በሞተችበት ሳምንት ደረቷን እያመማት ለራሷ የያዘችውን የሐኪም ቀጠሮ ካንስል አደረገች። አጎቴ በዚያው ቀን ቀጠሮ ነበረው። «የኔ ይደርሳል» አለችኝ፣ የመኪናዋን ቁልፍ እየፈለገች። አልደረሰም።

በቀብሯ ማግስት ሳሎናችን በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ አጎቴ፣ «አላህ ይርሀማት፣ አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ ብላ አታውቅም» አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

«ደከመሽ ወይ ብለህ ጠይቀሃት ታውቃለህ?» አልኩት። ጩኸቴ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

ሚስቱ «ተይ እንጂ፣ ትልቅ ሰው ነው» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። እጇን አስለቀቅኳት።

አጎቴ ተነሳ፤ ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ ወደ ኩሽና ገባ። ካቢኔቶቹን አንድ በአንድ ሲከፍትና ሲዘጋ ይሰማኛል። በመጨረሻ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «የዕቃ ሳሙናው የት ነው?» አለኝ።

ስንት ዓመት የበላበት ቤት ነው።

«ፈልገው» አልኩት። አልተነሳሁም።