ጠበል የጠጣ ሰላጣ

የቦሌን ሕዝብ በሙሉ ሰላጣ የምቀልብ ገበሬ ነኝ። እርሻዬ ለሚ ኩራ፣ ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ያለ አንድ የእንቁላል ካርቶን ነው። መጋቢት ላይ ዘርቼ ቡቃያው ብቅ እንዳለ የቧንቧው ውሃ ጠፋ። ሲጠወልግብኝ ጊዜ ኩሽና ያገኘሁትን ጀሪካን አንጠፍጥፌ አጠጣሁት።

«ጠበሌን ማን ነካው?» አሉ አብረውን የሚኖሩት አማቴ።

«እማዬ፣ ሰላጣው ጠጣው።»

ይረግሙኛል ስል አማተቡ። «እንግዲያው ሳይጾም የሚቀምሰው የለም!»

ችግኙን ባልዲ ውስጥ ባዛውረው እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ። አማቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ በሎሚና በቃሪያ ያጣጥሙታል።

«አንተስ፣ ዛሬ ምን ቀመስክ?» ይሉኛል።

እንቁላል ፍርፍር። ትናንትም እንዲሁ። በእጄ ያበቀልኩትን ሰላጣ እስካሁን አልቀመስኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት እንኳ መጾም አቅቶኛል።