ለኩባዎቹ ሐኪሞች አማርኛ ሳስተምር

በመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን የፊደል ገበታና ቀጭን ዘንግ አስታቅፎ ሆስፒታሉ ውስጥ ወዳለች ጠባብ ክፍል ሰደደኝ። "ጓድ መምህርት፣ ከሀ እስከ ፐ ታደርሻቸዋለሽ። ከዚያ በፊት ንግግር የሚባል የለም" አለኝ። ተማሪዎቼ ድሬዳዋን ሊያክሙ የመጡ ኩባዎች ነበሩ።

በዚያ ሙቀት ሲያክሙ ውለው ሀ ሁ ሲሉ ግማሾቹ አንቀላፉ። ዶክተር ካርመን ግን ተናደደች። ሁለታችንም ፈረንሳይኛ እንሞካክር ነበር። "ነገ ጠዋት በሽተኛ ይጠብቀኛል። ሀ ሁ ብዬ ላክመው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ገበታውን ጠቅልዬ ከበሩ ኋላ አቆምኩት።

ከዚያ ወዲህ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ በሽተኛ እየሆነ መነጋገር ጀመርን። እኔ የመጋላ ሰፈር ሴት ሆኜ ገባሁ። ካርመን "እንዴት ነዎት?" ስትለኝ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" እላለሁ። "ደህና ከሆንሽ ለምን መጣሽ?" ብላ እስክሪብቶዋን ወረወረች።

"የኔ እመቤት፣ እዚህ አገር ሰላምታ ሳያልቅ ሕመም አይወራም። ቆይተሽ ደግመሽ ጠይቂ" አልኳት።

አንድ ቀን ኃላፊው ብቅ ሲል አንዱ ኩባ ጠረጴዛ ላይ ተዘርሮ "ወገቤን፣ ወገቤን" ይላል። "ይሄ ትምህርት ነው ቲያትር?" አለኝ። ሰኞ እውነተኛ በሽተኛ ፊት ሊፈትናቸው ቆረጠ። ካልቻሉ እነሱ ወደ ገበታው፣ እኔ ከክፍሉ ውጭ። እንቅልፍ አጣሁ።

ሰኞ የገቡት መጋላ ቲማቲም የሚሸጡት አዴ ፋጡማ ነበሩ። ካርመን እንዴት እንዳደሩ ጠየቀቻቸው። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንቺስ ልጄ፣ ሙቀቱን ቻልሽው?" አሏት። እጃቸው ግን ቀኝ ጎናቸውን ጨብጧል።

ኃላፊው ሰዓቱን አየና "ደህና ናቸው እኮ፤ ቀጣዩ ይግባ" አለ። በፈተናው ላይ ትንፍሽ እንዳልል አስጠንቅቆኛል።

ካርመን "ጓድ፣ ይቆዩ። ሰላምታ አላለቀም" አለችው። ወንበሯን ወደ ሴትዮዋ አስጠጋች። "እሺ አዴ። የት ጋ ነው?"

አዴ ፋጡማ ቀና ብለው አዩዋት። "ኧረ እዚህ ጋ ነው ልጄ። ሌሊቱን ስጮህ ነው ያደርኩት" አሉ።

የዚያኑ ቀን ለትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ገቡ። ካርመን ስትወጣ "ቤታቸው ቢመለሱ ኖሮ አይተርፉም ነበር" አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ኃላፊው ክፍሉን ተወልኝ። ፊደሉንም ኋላ ተማሩት፣ ማን ከለከላቸው።

ጡረታ እስክወጣ ጀማሪ አስተምሬያለሁ። "እንዴት ነዎት" የሚለውን ባስተማርኩበት ቀን ሁሉ "የት ጋ ነው" የሚለውንም አብሬ አስተምር ነበር።