አብዱልሃኪምና ሁለተኛው ግልባጭ

በሮቤ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ላስቲክ ወጥረው ማመልከቻ ከሚጽፉት ሰዎች አንዱ ኦቦ አብዱልሃኪም ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ እኩለ ቀን ገደማ፣ የምሠራበትን የእህል መጋዘን ውክልና ላስጽፍ ሄጄ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ከፊቴ ከጎሮ የመጡ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። የመሬት ክርክር አለባቸው። ማመልከቻው ተነበበላቸው፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ከዚያ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉ ሲሉ ኦቦ አብዱልሃኪም ከለከሏቸውና ከወንበራቸው ሥር ትንሽ ጀሪካን አወጡ።

በዚያ ሳምንት የከተማው ውሃ ጠፍቶ ነበር። ጀሪካኗ ውስጥ የነበረችው ከዙህር ሶላት በፊት ለመታጠብ ያስቀመጧት የውዱእ ውሃ መሆኗን አጠገባቸው የሚጽፈው ሰው አየና፣ "ኦቦ፣ ለራስዎስ?" አላቸው።

"ውሃ ከጠፋ አላህ ለእኔ በአፈር መታጠብ ፈቅዶልኛል፣ እሳቸው ግን በዚህ ጣት ምሳ ይበላሉ" አሉና ሳሙና አቀብለው ውሃውን ቀስ እያሉ አፈሰሱላቸው። "ይታጠቡ አዴ። የመንግሥት ቀለም ሆድ ከገባ ክርክሩ አያልቅም።"

አሮጊቷ እየሳቁ መርቀው ሄዱ።

ተራዬ ደረሰ። የኦቦ አብዱልሃኪምን ሥራ የማያውቅ የለም። በደርግ ጊዜ የአማርኛ ታይፕ ራሳቸውን አስተማሩ። ዘመን ሲለወጥና ፍርድ ቤቱ በአፋን ኦሮሞ መሥራት ሲጀምር፣ አርባ ሊሞላቸው ሲል ቁቤ የሚባለውን የላቲን ፊደል ከልጆች ጋር ተምረው እንደገና ጸሐፊ ሆኑ። ከእጃቸው የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ግልባጭ አለው። ዋናውን በግራ፣ ግልባጩን በቀኝ ዘርግተው፣ ቃል በቃል በጣታቸው እየተከተሉ ያመሳክራሉ፤ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ትንሽ ምልክት ያደርጋሉ። "ግልባጭ በአንዲት ነጥብ ከዋናው ከተለየ ሐሰተኛ ነው" ይሉ ነበር።

ያን ቀን ግን የእኔን ስም ሦስት ጊዜ አበላሹ።

"ምነው ኦቦ፣ አመመዎት?" አልኳቸው።

ወረቀቱን አጣጥፈው አስቀመጡ። "አንተ የማርያም ሰንበት ትምህርት ቤትን ኮምፒውተር የምትጠግነው ሀይሉ ነህ አይደል?"

"ነኝ። እሞክራለሁ እንጂ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም።" እውነቴን ነው። መጋዘን ውስጥ ተጥሎ ያገኘሁትን አንድ ወፍራም የኮምፒውተር መጽሐፍ እያነበብኩ፣ ያልገባኝን እየዘለልኩ የተማርኩት ነው።

"እንግዲያው ተነሥ" አሉኝ። "ውክልናህን ነገ በነጻ እጽፍልሃለሁ። ዛሬ ልጄን አድንልኝ።"

በመንገድ ላይ ነገሩኝ። መርዋ የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በልጅነቷ የጉሮሮ ሕመም ይመላለስባት ነበር፤ ያ ሕመም ውሎ አድሮ ልቧን ጎዳው። አዲስ አበባ ውስጥ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች በነጻ ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ፤ ነገር ግን የምርመራዋ ውጤት አራቱም ገጽ በኢሜይል ደርሷቸው ካላዩት አይመዘግቧትም። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ሐሙስ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። የሞባይል ኢንተርኔት በዚያ ሰሞን ተቋርጧል። ኢንተርኔት ቤቶቹም በራቸውን ዘግተዋል። ቤታቸው ግን፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት መመላለስ ሲያቅታት ቤት ሆና እንድታነብ ብለው ያስገቡት የሽቦ መስመር አለ። እሱ ደግሞ ከአምስት ቀን ጀምሮ እምቢ ብሏል።

"ለመስመር ሰዎቹ ደወልኩ። መስመሩ ደህና ነው ይሉኛል። ደህና ከሆነ ለምን አይሠራም? አንድ ሰው ይዋሻል፤ ወይ እነሱ ወይ ማሽኑ።"

ቤት ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። መርዋ በሦስት ትራስ ተደግፋ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። መተኛት አትችልም፤ ከተኛች ትንፋሽ ያጥራታል። ከንፈሯ ጠቆር ብሏል። እናቷ አዴ ሰይዳ እግሯን እያሻሹ "አካም ጅርታ ወንድሜ፣ ግባ" አሉኝና ወዲያው ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙኝ። "ይኸውልህ ጠላታችን። አምስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ይጽፍልናል፣ እንግሊዝኛ ነው። ሰይጣንም ተምሮ መጣብን።"

የኢንተርኔቱ ማስተላለፊያ ሣጥን ላይ መብራቶቹ ሁሉ በርተዋል። ስለዚህ የመስመር ሰዎቹ አልዋሹም። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ በሌላ ገመድ ቀየርኩ። ሣጥኑን አጥፍቼ እስከ መቶ ቆጥሬ አበራሁት። ያኔ ሠራ! ኢሜይሉ ተከፈተ። ኦቦ አብዱልሃኪም "አልሐምዱሊላህ" ብለው ሳይጨርሱ፣ የመጀመሪያው ገጽ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ቆመ። ከታች በኩል ያች ትንሽ መልእክት ብቅ አለች።

አነበብኩት። ሌላ ኮምፒውተር ያንኑ አድራሻ ይዟል ይላል።

"በመስመሩ ላይ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚታወቅበት ቁጥር አለው" አልኳቸው፤ "አይፒ አድራሻ ይሉታል። እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ይቁጠሩት። ሁለት ሰው አንድ ቁጥር ከያዘ ደብዳቤው የማን እንደሆነ አይታወቅም። እዚህ ቤት ሌላ ኮምፒውተር አለ?"

"የለም።"

"ላፕቶፕ? የልጆች?"

"ወላሂ የለም። ይህ ብቻ ነው።"

"ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል?"

"እኔ?" ተቆጡ። "ዋናው እኔው ጋ ነው።"

አመንኳቸው። ሰው በዚህ መልክ ሲምል አለማመን ይከብዳል። ስለዚህ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈለግሁ። ቫይረስ ይሆናል ብዬ አሰስኩ፤ የለም። ፕሮግራሞችን አጠፋሁ። ኮምፒውተሩን ሦስት ጊዜ አስነሣሁ፤ አሮጌ ስለሆነ አንዱ መነሣት ሩብ ሰዓት ይበላል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ኦቦ አብዱልሃኪም በበሩና በአልጋው መካከል ይመላለሳሉ። መርዋ በየመሀሉ "አባ፣ ይቀመጡ፣ እኔ ደከመኝ" ትላለች። አሥር ሰዓት ሆነ። የማውቀው ሁሉ አለቀ። ማያ ገጹ ላይ አፍጥጬ፣ እመቤቴን በልቤ "ይህን አልተማርኩም፣ አንቺ አሳዪኝ" አልኳት።

አዴ ሰይዳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያለ ድምፅ ያለቅሱ ጀመር። እንዳላይ ብዬ ዐይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ከመስኮቱ ፍሬም ጥግ በተበሳች ቀዳዳ ሁለት ነገር ያልፋል። አንደኛው ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ የውሃ ጎማ ነው። ሁለተኛው ከጎማው ጋር በላስቲክ የታሰረ ሰማያዊ ገመድ ነው፤ ያ ደግሞ ከሣጥኑ ጀርባ ተነሥቶ ይወጣል። ከመጣሁ ጀምሮ ለመብራት የተዘረጋ መስሎኝ ልብ አላልኩትም።

"ይህ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ለሶረቲ ነው" አሉ አዴ ሰይዳ ዐይናቸውን እየጠረጉ። "ጎረቤታችን፣ መምህርቷ። እሷ ጉድጓድ አላት፤ ውሃ ከእሷ እንጠጣለን። እሷ ደግሞ በርቀት ትማራለች። ቅዳሜ ኮምፒውተር ገዛች፤ መስመሩን እንካፈል አልናት።"

"ቅዳሜ?" አልኩ። አምስት ቀን ማለት ነው። "ኮምፒውተሯን ያስተካከለላት ማነው?"

"እኔ ነኛ!" አሉ ኦቦ አብዱልሃኪም፤ በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንኳ ኩራት ድምፃቸው ውስጥ ነበር። መሳቢያ ከፍተው ደብተር አወጡ። "የመስመሩ ባለሙያ መጀመሪያ የሞላልኝን ቁጥር ሁሉ ጽፌ ይዣለሁ። እንዳለ ገለበጥኩላት። እይ፣ አንዲት ስሕተት የለችበትም።"

አየሁ። በግራ ገጽ "ዋና" ይላል፤ ከሥሩ 192.168.1.10። በቀኝ ገጽ "ግልባጭ፣ ለመምህርት ሶረቲ" ይላል፤ ከሥሩ 192.168.1.10። በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ትንሽ ምልክት ተደርጓል። ከታች "ከዋናው ጋር የተመሳከረ ትክክለኛ ግልባጭ" ብለው ፈርመው ማኅተማቸውን ሳይቀር መትተውበታል።

ጣቴን ከአንዱ አሥር ወደ ሌላው አሥር ወሰድኩ። እሳቸውም ከጣቴ ጋር ተከተሉ፤ የለመዱት ሥራ ነው። ከዚያ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "በራሴ እጅ።"

"ሶረቲን ልጥራት?" አሉ አዴ ሰይዳ።

ሶረቲ ለትምህርቷ ጎባ ሄዳ ነበር። በሯን ቆልፋለች፤ ኮምፒውተሯን ግን መጽሐፍ እያወረደች ስለነበር ከፍታ ትታዋለች። አልጠበቅሁም፤ ሰማያዊውን ገመድ ከሣጥኑ ነቀልኩት። ትንሿ መልእክት ጠፋች። ኢሜይሉ ተከፈተ። አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር።

አራቱ ገጾች ለመሄድ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ፈጁ። እንዲህ ያለ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ዳግመኛ አልፈልግም። ኦቦ አብዱልሃኪም የተነቀለውን ገመድ ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መሬት እንዳይነካ እንደሚጠነቀቅ ሰው ቆመው ነበር። "ሶረቲ፣ አፉ በይኝ" ሲሉ ሰማኋቸው። ሦስተኛው ገጽ ላይ መብራት ብልጭ ብሎ ሁላችንም ጮኽን፤ ግን አልሄደም። አሥር ከሃምሳ ሦስት ሲሆን መላኩን የሚናገረው ጽሑፍ መጣ።

"አሁን ለእርስዎ አዲስ ቁጥር እንስጥና ገመዱን እንመልስላት" አልኳቸው። "መጨረሻ ላይ አሥሩን አሥራ አንድ ማድረግ ይበቃል።"

ፊታቸው ተለወጠ። "ባለሙያው የሰጠኝን ቁጥር? እንዴት ነው የምፍቀው? ይህ እኮ ማጭበርበር ነው።"

"አባ መርዋ!" አሉ አዴ ሰይዳ። "ሥልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ትክክል ሆኑ። አንድ ቀን ቢለዩ ምን ይሆናል?"

መርዋ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ሳል ሆነ። እሳቸው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው "ቀይረው" አሉኝ። ቀየርኩት። ሰማያዊው ገመድ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ሰላም ሆኑ።

መልሱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ። አነበብኩላቸው። ወረቀቶቹ በሰዓቱ ደርሰዋል። ዝርዝሩ ግን ሞልቷል። መርዋ ከተጠባባቂዎች ሁለተኛ ሆና ተመዝግባለች። ሰኞ ጠዋት ሁለት ደም ሰጪ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ከተመዘገቡት የሚቀር ካለ ትገባለች፤ ቃል መግባት ግን አንችልም ይላል።

እኔ በዚያች "በሰዓቱ ደርሰዋል" በምትለው ቃል ተመስገን አልኩ። አዴ ሰይዳ "ቃል አንገባም" የምትለው ላይ ቀሩ። ሁለታችንም አንድ ደብዳቤ ነው የሰማነው።

ኦቦ አብዱልሃኪም እስከ ግቢው በር ሸኙኝ። ከሲናና በኩል የሚመጣው ነፋስ ብርድ ይዟል። በሩን ይዘው ቆሙ፤ አልከፈቱትም።

"ሶረቲ አንዷ ትሆናለች፤ ስትመጣ እለምናታለሁ፤ እምቢ አትለኝም" አሉ። "እኔ የስኳር በሽተኛ ነኝ፤ የእኔን አይወስዱም። ሰይዳን አይተሃታል፤ አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው።"

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለዳኛ በሚጽፉበት አነጋገር "የዚህ ማመልከቻ ምክንያት..." ብለው ጀመሩና አቃታቸው። መዳፋቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ለሰው ስጽፍ ቃል አያጥረኝም ነበር" አሉ። "ሀይሉ፣ ሰኞ ከእኛ ጋር ትሄዳለህ? ለመርዋ ደምህን ትሰጥልኛለህ?"